የሱስ መድኃኒት ፍለጋ

በጅቡቲ ከተማ ቀትር ሲቃረብ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ አንድ ነገር ያዘነብላል፤ ይኸውም ጫቱ መድረሱና አለመድረሱ ነው። በሐረርጌ ደጋማ አገር፣ በአወዳይና በአካባቢው የተገዛው ጫት በየቀኑ ከኢትዮጵያ ወደ ከተማይቱ ይገባል። ሴቶች ነጋዴዎች በየመንገዱ ዳር ይሸጡታል፤ ገዢዎችም መብራዝ በሚባለው የመቃሚያ ክፍል ተሰብስበው ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ ያሳልፋሉ።

የጥድፊያው ምክንያት በቅጠሉ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የናርኮቲክስ ላቦራቶሪ ከለጋ የጫት ቅጠል ካቲኖን የተባለውን አነቃቂ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ኃይሉ ወደ ደከመ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ስለዚህ ጫት ተቆርጦ ሁለት ቀን ካለፈው የሚፈልገው የለም።

ካቲኖን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በብዛት እንዲመነጭ ያደርጋል፤ ምርቃናም የሚመጣው ከዚህ ነው። ከጫት እጅግ የሚበረታው ኮኬይን ደግሞ የመነጨው ዶፓሚን ወደ መጣበት እንዳይመለስ መንገዱን ይዘጋል። ሁለቱም በተደጋጋሚ ሲወሰዱ ሱስ ያስከትላሉ። ጫት ያቋረጠ ሰው ሐራራ፣ ድብርትና በእንቅልፉ የሚያስጨንቀው ዱካክ ሊይዙት ይችላሉ። እንዲህ ያለው ሰው «ይህን የሚያስታግሥ ክኒን የለምን?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም።

ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ በተለይ ስለ ኮኬይን ለብዙ ዓመታት ሲመረምሩ ቆይተዋል። አንድ ሰው ክኒን ውጦ ሱሱን ቢተው፣ ያስተወው ክኒኑ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የራሱ ቁርጠኝነት ወይም የቤተሰቡ ድጋፍ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ፈቃደኞች በዕጣ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን መድኃኒቱን፣ ሌላው ወገን በመልክ የሚመስለውን ነገር ግን መድኃኒትነት የሌለውን ክኒን ይወስዳል። ሙከራው እስኪፈጸም ድረስ ማን የትኛውን እንደ ወሰደ ታካሚውም ሐኪሙም አያውቁም። ዕፁን መተዋቸውም በቃላቸው ብቻ ሳይሆን በሽንት ምርመራ ይረጋገጣል።

ለድብርት፣ ለሚጥል በሽታና ለመጠጥ ሱስ የሚሰጡ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም አንድ ክትባት በዚህ መንገድ ተፈትነዋል። አንዳንዶቹ በመጀመሪያ ተስፋ ቢሰጡም በኋላ በተደረጉት ሰፋፊ ሙከራዎች አልጸኑም። እስከ ዛሬም ለኮኬይን ሆነ ለጫት ሱስ ፍቱንነቱ የተረጋገጠ መድኃኒት አልተገኘም። በኮኬይን ሱስ ሕክምና ይበልጥ የረዳው የምክር አገልግሎትና ከዕፁ ለራቀ ታካሚ በየጊዜው የሚሰጥ ማበረታቻ ነው።

ይሁን እንጂ ያልተሳካ ሙከራ ከንቱ ድካም አይደለም። የማይረዳው ክኒን ተለይቶ ሲታወቅ ሕመምተኛው ገንዘቡንና ጤናውን ከማባከን ይድናል፤ ተመራማሪውም ፊቱን ወደ ሌላ መንገድ ያዞራል።