አጀስተር፦ ከመኪና ግጭት በኋላ የሚደውለው ሰው

በአሜሪካ አጀስተር የሚባለው የመኪና ግጭት ሲደርስ የኢንሹራንስ ኩባንያው ጉዳዩን እንዲያጣራ፣ ጉዳቱን እንዲገምትና የሚከፈለውን ካሣ እንዲወስን የሚመድበው ሠራተኛ ነው። አገር ቤት ገማች ከሚባለው ባለሙያ ጋር ይቀራረባል፤ ሥልጣኑ ግን ሰፋ ይላል። ገማች የተጨፈለቀውን ብረት አይቶ ዋጋ ያወጣል። አጀስተር ወደ ዋጋው ከመድረሱ በፊት ፖሊሲው፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉ፣ በአደጋው ዕለት ይሠራ እንደነበረና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማጣራት አለበት። አብዛኞቹ አጀስተሮች የኩባንያው ደመወዝተኞች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በውል ለብዙ ኩባንያዎች ይሠራሉ። በአንድ ግጭት ሁለት አጀስተር መመደብም የተለመደ ነው፤ አንዱ ለመኪናው፣ ሌላው ለሰው አካል ጉዳት። ለአንደኛው የተነገረው ሁሉ በሁለተኛው መዝገብ ላይ ሊነበብ ይችላል።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖረው ሰፊው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ይህን ሰው በደንብ ያውቀዋል። ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት እየነዳ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ብዙ ነውና። እነዚህ ሦስት አካባቢዎች የመኪና አደጋ ሕጋቸው በተጎጂው ላይ ጥብቅ በመሆኑ ከአብዛኛው አሜሪካ ይለያሉ፤ ስለዚህ እዚህ ከአጀስተር ጋር የሚደረግ ንግግር ከሌላው ቦታ የበለጠ ክብደት አለው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የሚደውለው አጀስተር የማን እንደሆነ ነው። የራስ ኢንሹራንስ አጀስተር ከሆነ በመካከል ውል አለ። ባለ ፖሊሲው አደጋውን በቶሎ የማሳወቅና በምርመራው የመተባበር ግዴታ አለበት፤ ቃሉን አልሰጥም ቢል ሽፋኑን ሊያጣ ይችላል። የሌላኛው ሹፌር ኢንሹራንስ አጀስተር ከሆነ ግን ውል የለም። የዚያ አጀስተር ግዴታ ለገዛ ደንበኛውና ለኩባንያው ነው። ድምፁ የተቀዳ ቃል እንዲሰጠው ሲጠይቅ ተጎጂው እሺ የማለት ሕጋዊ ግዴታ የለበትም። አጀስተሩ ትሑት፣ አዛኝም ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ናቸውም። የሚከፈለው ገንዘብ የሚወጣው ግን ከቀጣሪው ኪስ ነው፤ መዝገቡንም የሚያደራጀው ለዚያ ቀጣሪ ነው።

ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ሁለት መንገድ አለው። ወደ ጥፋተኛው ኢንሹራንስ መሄድ ይችላል፤ ወይም የገዛ ኢንሹራንሱ መኪናውን እንዲያሠራለት አድርጎ ኩባንያዎቹ እርስ በርሳቸው እንዲተሳሰቡ መተው ይችላል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይፈጥናል። በዚህ መንገድ ዲዳክቲብል የሚባለውን፣ ለምሳሌ 500 ወይም 1,000 ዶላር፣ ባለ መኪናው ከኪሱ ያወጣል፤ ኩባንያው ከጥፋተኛው ወገን ሲያስመልስ እርሱም ተመላሽ ሊሆንለት ይችላል።

አሁን ወደ ጥፋቱ ጉዳይ። በአብዛኛው አሜሪካ ጥፋት ይከፋፈላል፤ 20 በመቶ ጥፋት ያለበት ሰው ካሣው በ20 በመቶ ይቀነስበታል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በዲሲ፣ በሰሜን ካሮላይናና በአላባማ ግን አሮጌው ሕግ ጸንቷል፤ ተጎጂው ለአደጋው ጥቂትም ቢሆን አስተዋጽኦ ካደረገ ምንም አይከፈለውም። አንድ በመቶም ቢሆን። ሕጉ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። በ1809 እ.ኤ.አ. በተወሰነ አንድ ጉዳይ ቤቱን የሚያድስ ሰው መንገድ ላይ ግንድ አጋድሞ ነበር፤ አመሻሽ ላይ ፈረሱን እየጋለበ የመጣ ሌላ ሰው ከግንዱ ጋር ተላትሞ ወደቀ። ቀስ ብሎ ቢሄድ ኖሮ ግንዱን ያየው ነበር ተብሎ ካሣ ተከለከለ። እንግሊዝ ራሷ ይህን ደንብ በ1945 እ.ኤ.አ. ትታዋለች። የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን በ2013 እ.ኤ.አ. እንዲለውጠው ተጠይቆ፣ መለወጥ ያለበት ሕግ አውጪው ነው ብሎ አጽንቶታል። ዲሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ለእግረኞችና ለብስክሌት ነጂዎች አላልታዋለች፤ ለመኪና ነጂዎች ግን እንዳለ ነው። መብራት ላይ ቆሞ ከኋላ የተገጨ ሰው ብዙም አይሰጋ ይሆናል። በመስቀለኛ መንገድ፣ መስመር ሲቀየር ወይም ከመኪና ማቆሚያ ሲወጣ የሚደርስ ግጭት ግን ለዚህ ሕግ የተመቸ ነው፤ የአጀስተሩም ጥያቄዎች ወደዚያ ያመራሉ። ስንት ማይል ይነዱ ነበር? መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው? ፍሬን ያዙ? ጥሩምባ ነፉ? እያንዳንዱ ቀላል ጥያቄ ይመስላል። «ድንገት ነው የመጣብኝ፣ አላየሁትም» የሚለው መልስ ግን «ተጠንቅቆ አልነዳም» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል።

እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪው ጨዋነት ራሱ ይጎዳዋል። ግጭት እንደደረሰ ከመኪናው ወርዶ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ማለት አብሮ ያደገ ልማድ ነው፤ ጥፋቱ የሌላው ቢሆንም ለደነገጠ ሰው የሚሰጥ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ግን ጥፋትን ማመን ይመስላል። ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል። አጀስተሩ ገና ስልኩ እንደተነሳ «እንዴት ነዎት?» ይላል። ወገቡ እያመመው፣ አንገቱ እየደረቀ እንኳ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የማይል ሰው ጥቂት ነው። ምስጋናው ለፈጣሪ ነው፤ የተቀዳው ድምፅ ግን ከአደጋው ማግስት ሰውየው ደህና ነኝ ማለቱን ይመሰክራል። የአንገትና የወገብ ሕመም ደግሞ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የሚነሣበት ጊዜ ብዙ ነው። በእነዚያ ቀናት «ገና እየተከታተልኩት ነው» ወይም «ሐኪም እስኪያየኝ መልስ የለኝም» ማለት እውነትም ነው፣ በቂም ነው። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ሰው ኩባንያው አስተርጓሚ እንዲመድብለት መጠየቅ ይችላል። የልጅን ወይም የጎረቤትን ትርጉም ተማምኖ ድምፅ ማስቀዳት አደገኛ ነው።

አጀስተሩ ቦታው ላይ አልነበረም። የሚወስነው ከተሰጠው ማስረጃ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ መኪኖቹ ከመነሣታቸው በፊት የተነሡ ፎቶዎች፣ የመንገዱ ምልክትና የመብራቱ አቅጣጫ፣ የሌላኛው ሹፌር መንጃ ፈቃድና የኢንሹራንስ ካርድ፣ የምስክሮች ስልክ፣ የፖሊስ ሪፖርት ቁጥር ሁሉ ዋጋ አላቸው። ሁሉንም የሚበልጠው የመኪና ካሜራ ነው። ሁለት ሹፌሮች መብራቱ ለእኔ አረንጓዴ ነበር ሲባባሉ አጀስተሩ ለሁለቱም አልከፍልም ሊል ይችላል፤ ቪዲዮ ካለ ክርክሩ በደቂቃ ያልቃል። የአጎራባች ሱቅና የነዳጅ ማደያ ካሜራ የቀዳው ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ስለሚጠፋ ፍለጋው ለነገ የሚባል አይደለም።

የመኪናው ግምት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በስልክ ከተላኩ ፎቶዎች ነው። የመጀመሪያው ግምት ከውጭ የሚታየውን ብቻ ስለሚይዝ ዝቅተኛ መሆኑ አያስደንቅም። ጋራዡ መከላከያውን ሲፈታ ከውስጥ የታጠፈ ብረት ወይም የተሰበረ ሴንሰር ይገኛል፤ ያኔ ጋራዡ ተጨማሪ ግምት ለአጀስተሩ ይልካል። ኩባንያው የሚመርጠው ጋራዥ ቢኖረውም ባለ መኪናው ወደሚያምነው መውሰድ ይችላል። ጥፋቱ የሌላው ከሆነ መኪናው እስኪሠራ ድረስ የኪራይ መኪና ወጪ ይጠየቃል። ተጠግኖም ቢሆን ግጭት የተመዘገበበት መኪና ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ይህንን የዋጋ መውረድ ከጥፋተኛው ኢንሹራንስ መጠየቅ ይቻላል። ካልተጠየቀ ግን አጀስተሩ ራሱ የሚያነሣው አይደለም።

ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲቀራረብ መኪናው ቶታል ሆነ ይባላል። በዚህ ጊዜ የሚከፈለው አዲስ የሚገዛበት ዋጋ ወይም የባንክ ዕዳው አይደለም፤ ከግጭቱ አንድ ደቂቃ በፊት ገበያ ላይ ያወጣ የነበረው ዋጋ ነው። አጀስተሩ ይህን የሚያወጣው በአካባቢው ለሽያጭ የቀረቡ ተመሳሳይ መኪኖችን ከሚያነጻጽር የኮምፒውተር ሪፖርት ነው። ሪፖርቱን ጠይቆ መስመር በመስመር ማንበብ የሚያዋጣው እዚህ ነው። የሞዴሉ ደረጃ ተሳስቶ ዝቅ ያለው ተጽፎ፣ ኪሎ ሜትሩ ወይም ማይሉ በዝቶ፣ «ሁኔታው መካከለኛ» ተብሎ ብዙ ገንዘብ የተቀነሰበት ሪፖርት አለ። በቅርቡ የተቀየረ ጎማና ሞተር ደረሰኝ፣ እንዲሁም ለሽያጭ የወጡ ተመሳሳይ መኪኖች ማስታወቂያ ሲቀርብለት አጀስተሩ ቁጥሩን ሊያሻሽል ይችላል። ብድሩ ከተከፈለው ካሣ ከበለጠ ቀሪው በባለ መኪናው ላይ ይወድቃል፤ ጋፕ የሚባለውን ሽፋን የገዛ ብቻ ይድናል።

የአካል ጉዳት ካሣ የሐኪም ወጪን፣ የቀረ ደመወዝንና ሥቃይን ይመለከታል። ጣሪያው የሚወሰነው ጥፋተኛው በገዛው ፖሊሲ ነው። ሕግ የሚያስገድደው ዝቅተኛ መጠን በዲሲ ለአንድ ሰው 25,000፣ ለአንድ አደጋ 50,000፣ ለንብረት 10,000 ዶላር ነው፤ በሜሪላንድ 30,000፣ 60,000ና 15,000፤ በቨርጂኒያ ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ 50,000፣ 100,000ና 25,000። አንድ ሌሊት ሆስፒታል ያደረ ሰው እነዚህ ቁጥሮች ምን ያህል ትንሽ እንደሆኑ ያውቃል። ጥፋተኛው ኢንሹራንስ ከሌለው ወይም ካነሰው የራስ ፖሊሲ ውስጥ ያለው የመድን አልባ ሹፌር ሽፋን ይተካል፤ ያኔ ግን የራስ አጀስተርም ከፋይ ስለሚሆን እንደ ተቃራኒ ወገን ይከራከራል።

አንዳንዴ በመጀመሪያው ሳምንት ፈጣን ቼክ ይቀርባል። ከቼኩ ጋር ሪሊዝ የሚባል ወረቀት ይመጣል፤ የፈረመ ሰው ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው እንኳ በአብዛኛው ተመልሶ መጠየቅ አይችልም። የመኪናውን ጉዳይ ብቻ የሚዘጋ ሪሊዝና ሁሉንም የሚዘጋ ሪሊዝ ስለሚመሳሰሉ ከመፈረም በፊት የአካል ጉዳትን ጭምር የሚዘጋ መሆን አለመሆኑን ማየት ይገባል። ጠበቃ የሚይዝ ሰው በአብዛኛው ከሚገኘው ካሣ አንድ ሦስተኛ ያህል ይከፍላል፤ ለተቧጨረ መኪና አያስፈልግም፤ አጥንት ለተሰበረበት ወይም ጥፋቱ ለሚያከራክርበት ግን ይጠቅማል።

የኡበርና የሊፍት ሹፌር ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ አፑ ተከፍቶ ነበር? ከግል ፖሊሲዎች ብዙዎቹ አፑ ከተከፈተ ጀምሮ ሽፋን አይሰጡም። ጥሪ በሚጠበቅበት ጊዜ ለሌሎች ጉዳት በአብዛኛው 50,000፣ 100,000ና 25,000 ዶላር፣ ጥሪ ከተቀበሉበት ጀምሮ ተሳፋሪው እስኪወርድ ደግሞ 1 ሚሊዮን ዶላር የኡበር ወይም የሊፍት ሽፋን አለ። አፑ የደቂቃውን መዝገብ ስለሚይዝ እውነቱን መናገር ብቻ ነው የሚያዋጣው፤ የተሳሳተ ቃል ሽፋኑን ከሁለቱም ወገን ሊያሳጣ ይችላል።

ከአጀስተሩ ጋር ያልተስማማ ሰው በመጀመሪያ ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው፣ ከዚያም ጉዳዩን አለቃው እንዲያየው መጠየቅ ይችላል። ቀጥሎ አቤቱታ ለየግዛቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይቀርባል። ዲሲ ውስጥ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች የአማርኛ አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ አማርኛ ሕጉ ከሚያገለግላቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ተቆጣጣሪው ኩባንያው ማዘግየቱንና ሕግ መጣሱን ይመረምራል፤ መብራቱ ለማን አረንጓዴ እንደነበረ ግን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። አነስተኛ ክስ የሚያየው ችሎት በዲሲ እስከ 10,000፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እስከ 5,000 ዶላር ያስተናግዳል፤ ክሱም የሚመሠረተው በኢንሹራንሱ ላይ ሳይሆን በገጨው ሹፌር ላይ ነው። ለአካል ጉዳት ክስ የማቅረቢያው ጊዜ በቨርጂኒያ ሁለት ዓመት፣ በሜሪላንድና በዲሲ ሦስት ዓመት ነው። ከአጀስተሩ ጋር ድርድር ላይ መሆን ይህን ጊዜ አያቆመውም፤ ቀኑ ካለፈ በማግስቱ አጀስተሩ የሚከፍልበት ምክንያት አይኖረውም።