ከእንጦጦ እስከ ማዕዳችን፦ የአቃቂ ወንዝ ጉዞ

ለመሆኑ በማዕዳችሁ ላይ የሚቀርበው ቆስጣና ሰላጣ በየትኛው ውኃ እንደበቀለ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ጤናን፣ ምግብን፣ ውኃንና አካባቢን በአንድ ገመድ አስተሳስሮ ያሳየናል። ይህ ትስስር ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥፍራዎች አንዱ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው አቃቂ በሰቃ ነው።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በተዳፋት መሬት ላይ ነው። በሰሜን የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ አቃቂ በሰቃ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ ከሰሜን ምሥራቅ ተነሥተው ከተማዋን ካቋረጡ በኋላ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ውኃው ወደ አዋሽ ይወርዳል። በመሆኑም ላይኛው ሰፈር የጣለውን ታችኛው ሰፈር ይቀበለዋል።

ሁለት ዓይነት ብክለት

በወንዙ የሚገኙትን በካዮች በሁለት ከፍለን ማየት እንችላለን። የመጀመሪያዎቹ ሕይወት ያላቸው ናቸው። ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ጋር የሚመጡት የታይፎይድና የኮሌራ ባክቴሪያዎች፣ አሜባ፣ ጃርዲያና የወስፋት እንቁላል ከዚህ ወገን ይመደባሉ። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ የተከሠተው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) የውኃና የንጽሕና ጉድለት ምን ያህል ፈጥኖ ወደ ሕመም እንደሚለወጥ አሳይቷል።

ሁለተኛዎቹ ሕይወት የሌላቸው ሲሆኑ ከእነዚህ መካከል ከባድ ብረቶች ይጠቀሳሉ። ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋት ከሚውሉ ጨዎች፣ እርሳስ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ፣ ካድሚየም ደግሞ ከአንዳንድ ባትሪዎችና ከብረት መለበጫ ሥራዎች ሊመነጩ ይችላሉ። የሁለቱ ወገኖች ልዩነት መሠረታዊ ነው። ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ነገር ግን በሙቀት ይሞታሉ። ብረት አይራባም፤ ነገር ግን አይሞትም፤ ከአፈር ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ ሰውነት እየተሻገረ ይከማቻል።

ከወንዙ ወደ ቅጠሉ

በወንዙ ዳርቻ የሚኖሩ ገበሬዎች ለአትክልት ልማት ይህን ውኃ የሚጠቀሙበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወንዙ በበጋም አይደርቅም፤ በፍሳሹ ውስጥ ያሉት ናይትሮጅንና ፎስፎረስም ሰብሉን ያፋፋሉ። እነዚሁ ንጥረ ነገሮች አባ ሳሙኤል ሐይቅ ሲደርሱ ግን እምቦጭን ይመግባሉ።

ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች በቅጠላቸው ብዙ ውኃ ስለሚያተንኑ በሥራቸውም ብዙ ውኃ ይስባሉ፤ አብሮ የሟሟውም ብረት ወደ ቅጠሉ ይወጣል። ፍሥሐ ኢታና የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ የሚበቅሉ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጥቅል ጎመንን መርምሮ ከሦስቱ አነስተኛ ብረት ያከማቸው ጥቅል ጎመን መሆኑን አመልክቷል። የአፈሩ ዓይነትም ድርሻ አለው። የአቃቂ ጥቁር ዋልካ አፈር በያዘው ሸክላ ብዛት ብረቶችን አጥብቆ ይይዛል። የአፈሩ አሲዳማነት ሲጨምር ግን እንደ ካድሚየም ያሉት ይለቀቁና ወደ ሥር ይደርሳሉ።

ማፍላትና ማጠብ ምን ይፈይዳሉ?

በአቃቂ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህ ሙቀት በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ለመግደል ይበቃል፤ ሆኖም ከ2,000 ሜትር በላይ በሚገኙ ሥፍራዎች ውኃው ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ ያህል እንዲንተከተክ ማድረግ ይመከራል። ነገር ግን ማፍላት ብረትንና ናይትሬትን አያስወግድም። እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን የቀረው ይበልጥ ይወፍራል።

አትክልትን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ጭቃውንና በጭቃው ላይ ያለውን ብክለት ይቀንሳል። በሥር በኩል ገብቶ በቅጠሉ ውስጥ የተከማቸው ብረት ግን በማጠብ አይወጣም። ስለዚህ ወጥ ቤት የመጨረሻው መከላከያ እንጂ ብቸኛው ሊሆን አይችልም።

ከምድር በታች

አቃቂ ለአዲስ አበባ ከቆሻሻ መቀበያነት የሚበልጥ ትርጉም አለው። በእሳተ ገሞራ በተፈጠሩት ባለ ቀዳዳ ድንጋዮች ውስጥ የተጠራቀመው የከርሰ ምድር ውኃ በጥልቅ ጉድጓዶች እየተሳበ ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ ይሆናል። ከላይ የሚደፋው ፍሳሽ ወደ ታች ከሰረገ የሚበከለው የራሳችን ማሰሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ የናይትሬት መጠን በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ የሚመክረው ከዚህ በላይ ሲሆን በተለይ በጡጦ የሚመገቡ ሕፃናት ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ስለሚቀንስ ነው።

ምግብ እንደ ጋሻ

ታዲያ አትክልት መብላት እንተው? በፍጹም! ቅጠላ ቅጠል የቫይታሚን ኤ፣ የፎሌትና የብረት ማዕድን ምንጭ ነው። ከዚህም በላይ በሰውነቱ የብረት ማዕድን ያነሰው ልጅ እርሳስንና ካድሚየምን አብልጦ ወደ ደሙ ያስገባል። የአንጀት ትላትልና ተደጋጋሚ ተቅማጥ ደግሞ ይህንኑ ንጥረ ምግብ ይቀሙታል። ስለዚህ የተበከለ ውኃ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ በአንድ በኩል መርዙን ያመጣል፤ በሌላ በኩል የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። ምስር ወጥ ወይም ጎመን ላይ ሎሚ መጭመቅ የብረት ማዕድኑ እንዲመጠጥ ያግዛል፤ ከምግብ ጋር ሻይ መጠጣት ግን ያውከዋል።

ምን ይደረግ?

እ.ኤ.አ. በ2018 ተስፋፍቶ የተመረቀው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያክም የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ማጣሪያ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽን በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ያጠራል፤ ብረትን ግን ሊያጠፋው አይችልም፤ ወደ ዝቃጩ ያዛውረዋል እንጂ። በመሆኑም ክሮሚየም መለየት ያለበት ከሌላው ፍሳሽ ሳይቀላቀል፣ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም በካዮችን በሕግ ይጠይቃል።

ገበሬውን ከማሳው ማፈናቀል መፍትሔ አይሆንም፤ ውኃውን የበከለው እርሱ አይደለምና። ለእርሱ የሚያስፈልገው የአፈርና የውኃ ምርመራ፣ ብረት አብዝተው የማያከማቹ ሰብሎችን የመምረጥ ምክር፣ ከላይም የጠራ ውኃ ነው። እናንተ ተማሪዎችም ድርሻ አላችሁ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ወደ ቦይ አትጣሉ፤ በትምህርት ቤታችሁ የሳይንስ ክበብ በኩል በአቅራቢያችሁ ያለውን ወንዝ አሲዳማነትና የጠጣር መጠን እየለካችሁ መዝግቡ። በሽሮ ሜዳም ሆነ በመርካቶ ወደ ቦይ የተደፋ ባልዲ በአቃቂ በኩል አድርጎ ወደ ማዕዳችን ሊመለስ ይችላል።