የካህናት የሙት ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤቶች

ካህናት በሚያገቡበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ካህን ሲሞት ቦታው ወዲያው በሌላ ካህን ይተካል፤ የልጆቹን አባት የሚተካ ግን የለም። ስለዚህ እነዚህን እጓለ ማውታ፣ ማለትም የሙት ልጆች፣ ማን ያሳድጋቸው? ማንስ ያስተምራቸው? የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ተነሥቷል።

በኢትዮጵያ የደብር ካህን መተዳደሪያ በአብዛኛው መሬት ነበር። መሬቱ የሚያዘው በአገልግሎት ምክንያት ስለ ነበር፣ ወራሹ ራሱ ካላገለገለ ወይም በምትኩ አገልጋይ ካላቆመ ይዞታውን ሊያጣ ይችል ነበር። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ እስኪቀር ድረስ፣ ለካህን ልጅ ትምህርት የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ጉዳይ ነበር። አባቱ የሞተበት ልጅ እንደ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ እየለመነ ይማራል፤ ማታም በመምህሩ ደጅ በተቀለሰች ጎጆ ያድራል። ይህም በራሱ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ቀለብ ሰፋሪው ግን መንደሩ ነው።

በእንግሊዝ አገር የካህኑ መኖሪያ ቤትም ገቢውም የሹመቱ እንጂ የቤተሰቡ አልነበረም። እርሱ ሲሞት ሚስቱና ልጆቹ ቤቱን ለተተኪው ለቀው ይወጣሉ። በደኅና ቤት ያደጉ ልጆች መጠጊያ ያጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1655 የካህናት ልጆች የሆኑ የለንደን ነጋዴዎችና ሌሎች ሰዎች ተሰባስበው ለችግረኞች ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ፤ ማኅበሩም በ1678 ከንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ የመቋቋሚያ ቻርተር አገኘ። ለሙት ልጆች ትምህርት የቆመው ሌላ ማኅበር በ1749 በዮርክሻየር ተመሠረተ። ትምህርት ቤቱ በኋላ ወደ ለንደን ተዛወረ፤ ወንዶቹ በ1855 ወደ ካንተርበሪ፣ ሴቶቹ በ1897 ወደ ቡሺ ሄዱ።

በ19ኛው መቶ ዓመት በነበሩ ብዙ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ተቋሞች ልጆቹን የሚመርጡት ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች በድምፅ ነበር። ቦታው ጥቂት ስለሆነ እናትየዋ ለለጋሾች ደብዳቤ እየጻፈች ችግሯን ትዘረዝር ነበር። የቆሎ ተማሪው በየደጁ የሚያደርገውን እርሷ በፖስታ ታደርገው ነበር ማለት ነው።

በልግስና የቆመ ቤት ሁሉ ግን ልጆችን በደኅና አላሳደገም። ካሩስ ዊልሰን የተባሉ ካህን በ1824 በካወን ብሪጅ ለድሆች ካህናት ሴቶች ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ክፍያው በዓመት 14 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ የቀረው በመዋጮ ይሸፈናል። እናታቸው የሞተችባቸው አራት የብሮንቴ እኅትማማቾች በዚያው ዓመት ገቡ። ምግቡ ብዙ ጊዜ ያረረ ነበር፤ እሑድ እሑድ ልጆቹ በብርድ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር። ማሪያና ኤልሳቤጥ በሳንባ ነቀርሳ ታመው ወደ ቤት ተመለሱ፤ በ1825 በግንቦትና በሰኔ ተከታትለው ሞቱ። ማሪያ 11፣ ኤልሳቤጥ 10 ዓመታቸው ነበር።

ከሞት የተረፈችው ሻርሎት በ1847 «ጄን ኤየር» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመች። በመጽሐፉ ውስጥ ሎዉድ የተባለው ትምህርት ቤት የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት የአካባቢው አንባብያን አልተቸገሩም፤ የመሥራቹ ደጋፊዎች ግን ልጆቹ በደግነት ተይዘዋል ሲሉ በጋዜጣ ተከራከሩ።