ሙቀጫና ቀዝቃዛ ውሃ

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ብልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ በሄዱ ጊዜ ወንዝ ዳር ያዩት ነገር ዛሬም ይወራል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል፤ ከፍ ብሎ ግን በሕይወት አሉ። ያልሞቱትን ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ቢያስጨምሩባቸው እነዚያም ሞቱ። የብልሃርዚያ ተውሳክ ቀንድ አውጣ ውስጥ ካላደገ ሰው ላይ አይደርስም። በዚያው በአድዋ ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በእንዶድ በተደረገው ሙከራ በበሽታው የተያዙ ትንንሽ ልጆች ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ።

ምስጋናው ሁሉ ለተክሉ ሆነ። ለእኔ ግን የአጣቢዎቹ አሠራርም ከተክሉ እኩል የሚመሰገን ነው። የደረቀውን ፍሬ ይወቅጡታል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠብጡታል፤ ሌላ ነገር የለውም። ኬሚስቶች ቆይተው እንደደረሱበት፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን በሁለት በኩል የስኳር ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ነው፤ እንዲህ እንዳለ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ደቅቆ ውሃ ሲነካው የራሱ ኢንዛይም ይነሣና አንዱን ሰንሰለት ይቆርጠዋል። ገዳዩ ያኔ ይወለዳል። በሜታኖል ከተዘፈዘፈ ግን ኢንዛይሙ ሥራውን አይሠራም፤ የሚወጣው ሳፖኒን ከነሁለት ሰንሰለቱ ነው፣ ቀንድ አውጣውም አይሞትም። ብዙ ቤተ ሙከራ ተክል ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያነሣው የአልኮል ጠርሙስ መሆኑን ሳስብ ያሳዝነኛል። እንዶድ በዚያ በኩል ብቻ ቢያልፍ ኖሮ «አይሠራም» ተብሎ ይቀር ነበር።

ለሁሉም ተክል ቀዝቃዛ ውሃ ይስማማዋል ማለቴ አይደለም። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባውን መድኃኒት አርቴሚሲኒንን ያገኙት ማፍላቱን ትተው በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኤተር ሲያወጡት ነው፤ የኖቤል ሽልማትም በ2015 እ.ኤ.አ. አገኙ። እያንዳንዱ ተክል የየራሱ በር አለው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ኮሶ አለ። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ ሳይጠለል ከነዝቃጩ ይጠጣል። መራራነቱን የቀመሰ ሰው ቢያጠልለው አልፈርድበትም። ነገር ግን የኮሶ ትሉን የሚጥለው ንጥረ ነገር በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ አጥልሎ የሚጠጣ ሰው መድኃኒቱን ከወንፊቱ ላይ ደፋው ማለት ነው።

የመድኃኒት ዕፅዋት ጥናቶቻችንን ሳገላብጥ ግን ብዙ ጊዜ የማገኘው የተክሉን ስም፣ የበሽታውን ስምና «ሥሩ ተወቅጦ ይጠጣል» የሚል አንድ መስመር ነው። ርጥቡን ነው ደረቁን? በማር ነው በቅቤ? ቅቤ ውሃ የማያወጣውን ያወጣል። ስንት ሌሊት ያድራል? ይጠለላል ወይስ ከነዝቃጩ? ይህን የሚመልሱት አዋቂዎች አርጅተዋል፤ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ዛሬ ያስፈልጋል።