ባዶው ጄሪካን የማን ነው?

ሸሕዲ ውስጥ ጄሪካን አይጣልም። ሙቀቱን የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ውሃ የሚይዝ ነገር ሁሉ ዋጋ አለው። ጉዱ ያለው ጄሪካኑ ከውሃው በፊት የያዘው ነገር ላይ ነው።

መተማ የሰሊጥና የጥጥ አገር ናት። ፀረ አረሙም ፀረ ተባዩም ይረጭና ባዶው ዕቃ እርሻው ላይ ይቀራል። ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ደግሞ የውሃ መያዣ ይፈልጋል። ታጥቦ ሽታው ሲጠፋ ንጹሕ ይመስላል። አይደለም! ፕላስቲኩ ኬሚካሉን ይመጥና ቆይቶ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል።

ሕግ የለም እንዳትሉ። ፀረ ተባይን የሚቆጣጠረው አዋጅ 674/2002 አለ፣ የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ 1090/2010 አለ። የገበሬው ጥያቄ ግን አጭር ነው፦ እሺ፣ የት ልውሰደው?

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔ ነገሩን የማየው በዋጋ ነው። ቢራ በሳጥን ስትገዙ ለጠርሙሱና ለሳጥኑ ማስያዣ ትከፍላላችሁ አይደል? ለዚህ ነው ባዶ የቢራ ጠርሙስ ሜዳ ላይ የማይከርመው። የኬሚካል ጄሪካን ማስያዣ የለውም፤ የሚፈልገው ውሃ ሊቀዳበት ያሰበ ሰው ብቻ ነው። ብራዚል በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ገበሬው እንዲመልስ፣ ሻጩ እንዲቀበል፣ አምራቹ እንዲያስወግድ አስገድዳለች፤ አብዛኛው ዕቃም ይመለሳል። እኛስ ዋጋው ላይ ጥቂት ብር ማስያዣ ብንጨምር?

ዝም ማለትም ያስከፍላል። ኢትዮጵያ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ለዓመታት ተከማችቶባት 1,500 ቶን ገደማ በመርከብ ተጭኖ ፊንላንድ ሄዶ ነው የተቃጠለው። እዚህ የሚያቃጥል ምድጃ ስላልነበረ!

እስከዚያው፣ ቤተሰቡ ገበሬ የሆነ ይህን ይንገርልኝ። ጄሪካኑ እንዳለቀ ሩቡን ያህል ውሃ ጨምሮ ክዳኑን ዘግቶ በደንብ መነቅነቅ፣ እጣቢውን መርጫው ውስጥ መገልበጥ፣ ይህንን ሦስት ጊዜ መድገም። እጣቢው ማሳው ላይ ይረጫል እንጂ ወንዝ አይደፋም። ከዚያ ቂጡን በሚስማር መብሳት፤ የተበሳ ጄሪካን ውሃ አይቀዳበትም። ማቃጠል የለም፣ ጭሱ ራሱ መርዝ ነው። ልጅና ከብት የማይደርስበት ቦታ ቆልፎ አስቀምጦ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያና የሸጠውን ነጋዴ «ተረከቡኝ» ማለት ነው። ቆራሌው በጥሩ ዋጋ ቢጠይቅም አይሰጥ፤ ነገ ገበያ ላይ ታጥቦ፣ አብረቅርቆ ይጠብቃችኋል።