ትንሿ ወፍና ዋግ

ስንዴ በሚያሸትበት ወራት በእርሻ ዳር ሁለት ቀይ ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው በትንሽ ወፍ ጉንጭ ላይ ያለው ቀለም ነው፤ ሁለተኛውም በስንዴ አገዳ ላይ የሚወጣው ዋግ ነው።

ወፊቱ እጅግ ትንሽ ናት፤ ክብደቷ 10 ግራም ያህል ነው። ደረቷና ጅራቷ ሰማያዊ፥ ጀርባዋ ቡናማ ነው፤ የወንዱም ጉንጭ እንደ ደም የቀላ ነው። በሰው ቤት አጠገብ ሳትፈራ በምድር ላይ እየዘለለች የሣር ፍሬና ምስጥ ትለቅማለች። በመንጋ መጥታ እህል የምታጠፋው ግሪሳ ሌላ ናት። ነገር ግን ይህች ወፍ ስለምትታይና ድምፅዋም ስለሚሰማ፥ እህል ጠባቂው ባያት ጊዜ ወንጭፉን ያነሣባታል።

ዋግ ግን አይጮኽም፥ ክንፍም የለውም። እርሱ ከሻጋታ ወገን ነው፤ የራሱን ምግብ ማዘጋጀት ስለማይችል ከሌላ ሕያው ተክል ይመገባል። ዘሩ እንደ ዱቄት የላመ ስለ ሆነ ነፋስ ከአገር ወደ አገር ይወስደዋል። ጤዛ ባረጠበው ስንዴ ላይ ባረፈ ጊዜ ይበቅላል፤ ተክሉ በሚተነፍስበትም ጥቃቅን ቀዳዳ ሹልክ ብሎ ይገባል። በውስጥም ሆኖ ለፍሬው የተዘጋጀውን ምግብ ይመጥጣል። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ የአገዳውን ቆዳ ቀዶ እንደ ጡብ የቀላ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ከዚያም ፍሬው ይጨማደዳል፥ አገዳውም ይሰበራል።

ፌሊቼ ፎንታና የሚባል የኢጣልያ ሊቅ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1767 ዓመት ዋግን በማጉያ መነጽር መርምሮ፥ በስንዴው ላይ የሚኖር ሕያው ነገር መሆኑን ገለጠ።

በ2006 ዓ.ም. በባሌ ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዘር በአገዳ ዋግ ተመታ። ይህ ዘር አስቀድሞ ቢጫውን ዋግ ስለ ተቋቋመ፥ ብዙ ገበሬ አምኖበት የዘራው ነበር። ስለዚህ ብልህ ገበሬ በአንድ ዘር ብቻ አይታመንም፤ ወደ እርሻው ዘወትር እየገባ ቅጠሉንና አገዳውን ይመረምራል፤ ምልክቱንም ባየ ጊዜ ሳይውል ሳያድር መድኃኒት ይረጫል።

የሚታየውን ትንሽ ጉዳት ለማባረር የሚሮጥ፥ በስውር የሚበላውን ግን የሚዘነጋ ሰው፥ ወፊቱን አባርሮ ባዶ ጎተራ ይጠብቃል። ልጆች ሆይ፥ ሐሰትና ስንፍናም በልብ ውስጥ እንዲሁ በዝምታ ያድጋሉ፤ ስለዚህ ገና ትንሽ ሳሉ መርምራችሁ አስወግዱአቸው።