«እማዬ፣ ቤዛ ምን ማለት ነው?»

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ በመዝሙር ውስጥ የሰማውን ቃል ጠየቀኝ። «እማዬ፣ ቤዛ ምን ማለት ነው?»

«ጌታ ማለት ነዋ!» አልኩት ሳላስብ።

ማታ ተመልሶ መጣ። «ታዲያ ጌታችንና ቤዛችን ሲሉ ሁለት ጊዜ ጌታ ማለታቸው ነው?»

እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስዘምረው የኖርኩትን ቃል በቅጡ አላውቀውም ነበር። መዝገበ ቃላቱን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ ሰጠሁት። እርሱም ከ«ሀ» ጀምሮ ገጽ በገጽ ይገልጥ ጀመር! «በ» ጋ ለመድረስ ምን ያህል እንደሚቀረው አያውቅም። ኤ ቢ ሲ ዲን በዜማ ይወርደዋል፤ ፊደላችንን ግን የሚያውቀው ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ በአግድም እንጂ ሀ ለ ሐ መ እያለ ወደ ታች አልነበረም። ለካስ ያላስተማርነው እኛው ነን።

ከዚያ ወዲህ ከእራት በኋላ እንጫወታለን። «ከ‹ነ› በፊት ማን አለ?» «‹ኀ›!» «ከ‹የ› በኋላስ?» ፊደሉ በቃሉ ሲገባ መጽሐፉን መሐል ላይ ከፍቶ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መሄድ ቻለ። «ሰ» ላይ ያጣውን «ሠ» ላይ፣ «አ» ላይ ያጣውን «ዐ» ላይ መፈለግንም ለመደ።

ውድ ወላጆች፣ ከባዱ ግን ይህ አይደለም። በአማርኛ ቃሉ መጽሐፍ ላይ እንደምናገኘው ሆኖ መዝገበ ቃላት ውስጥ አይቀመጥም። «አልተሰበሰቡም»ን የሚፈልግ ልጅ «አል»ን፣ «ም»ን፣ «ተ»ን አንሥቶ፣ «ቡ»ንም ወደ «በ» መልሶ «ሰበሰበ» ላይ መድረስ አለበት። «ስላልመለሰችለት» የሚገኘው «መለሰ» ሥር ነው። ልጄ ይህን እንደ እንቆቅልሽ ወደደው። እንዲያውም አበዛው፤ አንድ ቀን «ከበሮ» ላይ «ከ»ን አንሥቶ «በሮ» የሚባል ቃል ሲፈልግ አገኘሁት! በሳቅ ሞትን። መነሻ ፊደሉ አንዳንዴ የቃሉ የራሱ መሆኑን ከዚያ ቀን ወዲህ አልረሳም።

ቤታችሁ ያለው የአያት መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መግቢያውን አብራችሁ አንብቡ። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ለምሳሌ የተደረደረው በሀ ለ ሐ መ ሳይሆን በአ በ ገ ደ ነው። ይህን ያላወቀ ልጅ «ቃሉ የለም» ብሎ ይዘጋዋል።

የእንግሊዝኛው ችግር ሌላ ነው። ልጆች የመጀመሪያውን ፍቺ አንሥተው ይሮጣሉ። ልጄ ቦርሳው «ላይት» ነው የሚለውን ዓረፍተ ነገር «ቦርሳው ብርሃን ነው» ብሎ ተርጉሞ ነበር። ቃሉ ቀላል ማለትም እንደሆነ የሚነግረው ፍቺ እዚያው ታች ተጽፏል። አሁን ፍቺዎቹን ሁሉ አንብቦ እያንዳንዱን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይሞክራል፤ የሚገጥመውን ይወስዳል። ስልክም ላይ ቢፈልግ ይህንኑ እንዲያደርግ እነግረዋለሁ። እኔ ራሴ መልሱን ቶሎ እንዳልነግረው ምላሴን መያዝ ነበረብኝ፤ በተለይ ወጥ እያማሰልኩ ሲጠይቀኝ ይህ ቀላል አይደለም።

ያን እሑድ ማታ ግን «ቤዛ»ን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ሌላውን ለማስለቀቅ የሚሰጥ ምትክ መሆኑን አነበብን። ልጄ ጥቂት አሰበና «በእኔ ፈንታ መክፈል ማለት ነው?» አለኝ። አዎን አልኩት።

ባለፈው ሳምንት አባቱ ጋዜጣ ሲያነብ አንድ ቃል ላይ ቆም አለ። ልጃችን ማንም ሳይጠይቀው መጽሐፉን አምጥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት።

«አባዬ፣ በየትኛው ፊደል ነው የሚጀምረው?»